የሩፐርት ቀስት በክሌም ድንጋይ ላይ

ማክሰኞ ኦገስት 20 ቀን 2019፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ግሌኒስ ከርኒክ የኖላ ናንኪቨልን የአጥር በር ከፍታ ገባች። በእጇ በኳንዶንግ፣ በበረሃ ቀይ ፍሬ የተጋገረ ፓይ ይዛለች። ኖላ በመስኮት ስታያት «ነገር መጣ» አለች በልቧ። በአውስትራሊያ በረሃ ዳር ያለችው የትሬሎር ክሪክ ከተማ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ግሌኒስ ባዶ እጇን ከመጣች ወሬ ልታወራ ነው፤ ብስኩት ይዛ ከመጣች የተጣላ ልታስታርቅ ነው። ከበረሃ ለቅማ፣ ፍሬውን ፈልፍላ፣ ኳንዶንግ ጋግራ ከመጣች ግን አንድ ነገር ተወስኗል ማለት ነው፤ የቀረው ያንቺ እሺታ ብቻ ነው።

«ኖላዬ፣ ተቀመጪ» አለቻት፣ በሰው ቤት፣ የቤቱን እመቤት።

«ቆሜ ልስማው። ከወደቀብኝ ለመሸሽ ይመቸኛል።»

«ኧረ ጥሩ ነገር ነው! ለክሌም መታሰቢያ ልናቆምለት ነው።»

ክሌም፣ የድንጋይ ተመራማሪው፣ የኖላ ባል ነበር። በሜይ ወር ነው የቀበረችው። ግሌኒስ ደግሞ የትሬሎር ክሪክ ልማት ማኅበር ሊቀ መንበር ናት። በመጀመሪያ ሥልጣኑን የሚፈልግ ሰው ጠፍቶ ነው የያዘችው፤ አሁን እፈልጋለሁ ለማለት የሚደፍር ጠፍቶ ይዛዋለች። እንደ ነገረቻት ከሆነ ነገሩ አልቋል። የሎደር ሹፌሩ ኬልቪን አንድ ትልቅ የኖራ ድንጋይ ከወንዙ አውጥቶ ከከተማዋ ጀርባ ያለው ገደል አፍ ላይ አቁሞታል። የክሌም ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ከአደሌድ መጥቷል። ከሰሌዳው በላይ፣ በድንጋዩ አናት ላይ፣ ክንድ የሚያህል የነሐስ ቀስት ይቆማል።

«ምን የሚሠራ ቀስት?»

«ሰሜን የሚያሳይ። የዛሬውን ሰሜን አይደለም፣ ያንን ማን ያጣዋል! የዛሬ አምስት መቶ ሃያ ሚሊዮን ዓመቱን፣ ድንጋዩ ገና የባሕር ጭቃ ሳለ የነበረውን። ክሌም ዕድሜውን የጨረሰበትን ነገር እኮ ነው! ደስ አይልም?»

«የማን ሰሜን ነው?»

«የማን ማለት? ሰሜን ነዋ። ሰሜን የሰው ነው እንዴ?»

«እዚህ አገር የሰው ነው። ቀስቱን የሚያቆመው ማነው?»

ግሌኒስ ፓዩን መቁረጥ ጀመረች። «ፕሮፌሰር ሃሎራን ፈቃደኛ ሆነዋል» አለች፣ ለቢላዋው።

ኖላ ተቀመጠች።

የክሌምንና የፕሮፌሰሩን ጠብ ትሬሎር ክሪክ ያልሰማ የለም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም። እነዚያ ከከተማዋ ጀርባ የተደረደሩት ገደሎች የጥንት ባሕር ጭቃ ናቸው። በጭቃው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ማግኔቶች ነበሩ። አንዳንዱን ንፋስ ከየብስ ያመጣው ነው፤ አንዳንዱን ባክቴሪያዎች በሆዳቸው ሠርተው እንደ ጨሌ የሰኩት ነው። ጭቃው ሲረጋ እያንዳንዷ ማግኔት ወደ ሰሜን ዞራ ተኛች። ጭቃው ደረቀ፣ ጠጠረ፣ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ሩፐርት ሃሎራንና ክሌም ናንኪቨል እስከዚህ ድረስ ይስማሙ ነበር፤ እስከዚህ ድረስም ጓደኛሞች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ሩፐርት «ድንጋይ አይረሳም» አለ። በጨቅላነቱ የተማረውን ሰሜን ዛሬም ይናገራል፤ ብሳው፣ ለካው፣ አውስትራሊያ ያኔ የት እንደነበረች ይነግርሃል። በዚህ ላይ ሩፐርት ፕሮፌሰርነት ሠራ፣ አህጉሪቱን ደስ ያለው ቦታ ያስቀመጠበት፣ የጥንቱንም ሰሜን በቀስት ያመለከተበት ካርታ ሠራ፣ የካርታው ሥዕል ያለበት ከረባትም አሠራ።

ክሌም ደግሞ «ቆይ እንጂ» አለ። ያ ድንጋይ እኮ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ተቀብሯል። በላዩ ኪሎ ሜትሮች የሚሆን ሌላ ድንጋይ ተጭኖበታል። ገና ጭቃ ሳለ የባክቴሪያዎቹን ጨሌ ድኝ ያለበት ውኃ በላው። ኋላ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ሙቀት መጣ፣ ትኩስ ጨዋማ ውኃ ገባ፣ በውስጡ የነበረው ሸክላ ተለወጠና ብረቱን ተፋ። ከዚያ ብረት አዳዲስ ማግኔቶች በቀሉ። እነሱ የሚያውቁት ሰሜን በበቀሉበት ቀን የነበረውን ነው። ስለዚህ ድንጋዩ የሚነግርህ የተወለደበትን ዘመን ሳይሆን የተቀበረበትን ነው።

ይህንንም እንዲሁ በአፉ አላለም። ከገደሉ ላይኛው ጫፍ፣ ያው የኖራ ድንጋይ በጥንት ጊዜ ተሰባብሮ፣ በጎርፍ ተንከባሎ፣ ጠጠሩ እንደገና የተጣበቀበት አንድ ንብርብር አለ። ክሌም አሰበ፤ ጠጠሮቹ የልደታቸውን ሰሜን ይዘው ቢሆን ኖሮ ሲንከባለሉ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ይዞር ነበር፣ ውሻ እንደ ገባበት መንጋ። ጠጠሮቹን በሳቸው፣ ለካቸው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፣ እንደ ሰልፈኛ ወታደር። እንግዲያው ሰሜኑን የተማሩት ከተሰባበሩ፣ ከተንከባለሉና ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ሩፐርት አደሌድ በተደረገ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ መለሰለት። «የዶክተር ናንኪቨል ጠጠሮች እርስ በርስ የሚስማሙት ከእሳቸው ጋር የሚስማማ ሰው ስለጠፋ ነው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ክሌምም ሳቀ፤ ቀልድ ያውቃል። ቤቱ ሲመጣ ግን አትክልቱን ያለ ወቅቱ ሲኮተኩት ሰነበተ።

እንግዲህ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። የክሌም አንገት በሕይወቱ አጭር፣ ወፍራምና ፀሐይ የጠበሰው ነበር፤ በቀብሩ ቀን ግን በየንግግሩ ስንዝር እየጨመረ ሄዶ፣ ሩፐርት ተናግሮ ሲጨርስ የቀጭኔ አክሎ ነበር። «እኔና ክሌም የአንድ አካል ሁለት እጆች ነበርን» አለ ሩፐርት፣ መነጽሩን እየጠረገ። ኖላ በልቧ፣ እውነት ነው፣ አንደኛው ሌላኛውን ሲመታ የኖረ እጅ፣ አለች። ያኔ ያላለቀሰችው ለዚህ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ እንባው መውጫ አጣ።

ሣጥኑን ራሷ ነበረች ያሠራችው። የቀብር አስፈጻሚው የብረት እጀታና የብረት ብሎን ሊያደርግ ሲል እንቢ ብላ በነሐስ አስቀየረችው። «ክሌም አጠገቡ ብረት አይወድም» አለችው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ኀዘንተኛ አይቃወሙም በሚል ፊት ቀየረላት። አሁን ክሌም ከመሬት በታች ያለ አንዲት ብረት ተኝቷል። ከአምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ቆፍሮ የሚለካው ቢመጣ ንጹሕ ንባብ ያገኛል። በራሱ በክሌም ትምህርት ከሄድን ግን አያገኝም።

ያች ግሌኒስ የቆረጠቻት ፓይ ፊቷ ተቀምጣ ሳለ ኖላ የምታስበው ሌላ ነገር ነበር፤ ፖርት ኦገስታ ሆስፒታል፣ የመጨረሻው ሳምንት፣ ክሌም በትራስ ተደግፎ።

«ከቀበርሽኝ በኋላ» ብሏት ነበር፣ «ከሁለት አንዱ ይመጣል። ወይ ሁሉም ከእኔ ጋር ይስማማሉ፣ ወይ እኔን ከእነሱ ጋር ያስማሙኛል። ሁለተኛው ይቀላል፤ አልከራከርማ።»

«ዝም ብለህ ሾርባህን ጠጣ።»

«ኖላ፣ የምሬን ነው። የፈለጉትን ይበሉ። ግን ከሩፐርት ቀስት ሥር ስሜን እንዳያስተኙት። አደራ።»

እሷም እሺ ብላ ነበር። ሰው ሲሞት እሺ ማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ኳንዶንግ ፓይ ሲመጣ ነው።

«ግሌኒስ፣ ስሙን አድርጉ፣ ቀስቱን ተዉት» አለች።

«ስም ብቻ ያለው ድንጋይ ምን ይባላል? መቃብር። እሱ ደግሞ አለው።»

«እንግዲያው ቀስቱን አቁሙ፣ ስሙን ተዉት።»

«የክሌም ስም ከሌለበት ያ ሁሉ ተማሪው ከየአገሩ ምን ሊያይ ይመጣል? ደግሞ ፕሮፌሰሩ አቅጣጫውን በስልክ ነግረውናል። ቀስቱን ተከትለሽ ስታዪ በቀጥታ የተራራው ስንጥቅ ላይ ነው የሚያርፈው። ቁጥቋጦውን መንጥረን፣ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው እንዲመች አግዳሚ ወንበር ተክለናል። ወንበሩ እኮ ተተክሏል፣ ኖላ!»

ወንበር ከተተከለ ምን ይባላል? እንቢ ማለት ይቻል ነበር፣ ሌላ ሰው ቢሆን። ግሌኒስ ግን ያን በጋ ሙሉ፣ የኖላ ዓይን ለአውራ ጎዳና አልሆን ሲል፣ ክሌምን በራሷ መኪና ፖርት ኦገስታ ስታመላልስ የከረመች ሴት ናት። አንድ ቀን እንኳ «ደከመኝ» አላለችም፤ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ክሌም ነው የደከመው። የግሌኒስን ፓይ መመለስ ይቻላል። የግሌኒስን መኪና መመለስ አይቻልም።

በማግስቱ ኖላ ሩፐርት ጋ ደወለች።

«ኖላ! ድምፅሽን ስሰማ ክሌምን ያየሁት መሰለኝ» አለ።

«ክሌምን ስታየው እንዲህ ደስ ሲልህ አላየሁም።»

«ያ ያለፈ ነገር ነው። ሞት ያስታርቃል።»

«አላስታረቃችሁም። አንዳችሁን ዝም አሰኘ እንጂ። ሩፐርት፣ ያ ቀስት የክሌም እንዳልሆነ ታውቃለህ። ቢያንስ ሰሌዳው ላይ ‹እሱ አልተስማማም› ተብሎ ይጻፍ።»

ሩፐርት በአፍንጫው ሳቀ፤ የፕሮፌሰር ሳቅ ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚለመድ። «መታሰቢያ ላይ ክርክር አይጻፍም፣ ኖላ። ደግሞ በሕይወት ቢቆይ ኖሮ አንድ ቀን መስማማቱ አይቀርም ነበር።»

«በሕይወት ቢቆይ ኖሮ አንተ አትመጣም ነበር።»

«በምረቃው ዕለት እንገናኝ» አለና ዘጋው።

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ሜዳው አበባ ለብሷል፣ ዝንቡም እንደ ወትሮው በሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ጉዳይ አለው። የክሌም የድሮ ተማሪዎች መጡ። ኖላ የምታስታውሳቸው ቀጫጭን፣ ጠጉራምና ርቦኛል ባዮች ሆነው ነው፤ አሁን ራሰ በራና ቦርጫም ናቸው፣ ርቧቸው ግን አልቀረም። አንድ በአንድ እየመጡ አቀፏት። ሁሉም ሲያቅፏት ቀበቷቸውን ሳያስቡት ዳበሱ።

ይህ የሆነው በምክንያት ነው። በክሌም ቡድን ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። ከድንጋይ ላይ ናሙና ሲቆረጥ አቅጣጫው በኮምፓስ ይለካል፤ ኮምፓስ አጠገብ ብረት ካለ መርፌው ይሳሳታል፣ ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት ኖላ፣ ጎኑ ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ብረት!» ትላለች። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መዶሻ ይጣላል፣ ቁልፍ ይጣላል፣ ቀበቶ ይፈታል። ክሌም ራሱ ሱሪውን በሲባጎ ነበር የሚያስረው፤ በሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ ሳይቀር ሲባጎው ይታያል። ኖላ አርባ ዓመት የፕላስቲክ ቁልፍ፣ የፕላስቲክ የጠጉር ማስያዣ፣ ሽቦ የሌለው የጡት መያዣ ስትለብስ ኖራለች። ሌላዋ ሚስት ከባሏ አልማዝ ትጠይቃለች፤ ኖላ አንድ ጊዜ ዚፕ ጠይቃ ነበር፣ አላገኘችም።

ግሌኒስ ደግሞ ለዕለቱ ክብር ዘመናዊ የስም ባጅ አሠርታለች። መርፌ የለውም፣ ልብስ አይበሳም፤ ከኋላው ሁለት ጥቋቁር ማግኔቶች አሉት፣ ከኮትሽ ውስጥና ውጭ ሆነው ጨርቁን ይነክሳሉ። ለማግኔት ተመራማሪ መታሰቢያ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ኖላ የራሷን ተቀብላ ገለበጠችው። እጇ ራሱ ነው ያወቀው። ዞር ብላ አጠገቧ በቆመው ሎደር በር ላይ ለጠፈችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ስምሽን እኔ በር ላይ ለጠፍሽ?» አለ ኬልቪን ከመቀመጫው ጎንበስ ብሎ። «ሰው ምን ይላል?»

«ባሏ ከሞተ ወዲህ ሎደር ወደደች ይበሉ።»

ኬልቪን አድንያማታና ነው፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ወገን። ገደሉ ልማት ማኅበር ሳይኖረው በፊት የእነሱ ነበር፤ ኬልቪንም ይህን ማንም እንዲረሳው አይፈቅድም። «ለመሆኑ» አለ ወደ እንግዶቹ እያየ፣ «ያ ከረባታሙ ሰሜን ሊያሳየን ነው ከአደሌድ ድረስ የመጣው? ቢጠይቀን እኮ በስልክ እንነግረው ነበር።»

«የድሮውን ሰሜን ነው የሚያሳየው።»

«የድሮውንም እኛን ቢጠይቅ ይሻለው ነበር።»

ሩፐርት ከእንግዶቹ መሐል ወጥቶ ድንጋዩ ጋ ደረሰ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ካርታው ያለበትን ከረባት አስሯል። ከቆዳ ኮረጆ ውስጥ አሮጌ የነሐስ ኮምፓሱን ሲያወጣ ተማሪዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ግሌኒስ ሮጣ ሄደችና በግራ ደረቱ ላይ፣ በኪሱ በኩል፣ ባጁን አስነከሰችለት።

«የእርስዎ በወርቅ ቀለም ነው» አለችው።

«አመሰግናለሁ፣ እመቤቴ» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ኖላ ባጁን አየችው። ከአሥር እርምጃ ላይ እንደ ቀይ መብራት ነው የታያት። ሩፐርት ሃያ ዓመት ሜዳ አልወጣም፤ ሌሎች ይበሱለታል፣ ሌሎች ይለኩለታል፣ እሱ ይፈርምበታል። ቀስቱን በቀላሉ በካርታ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ወንበሩም ተተክሎለታል። እሱ ግን በሰው ፊት፣ በገዛ እጁ፣ እንደ ድሮው የሜዳ ሰው ሊለካ ቆርጧል። ተንበረከከ። ከዛሬው ሰሜን ተነሥቶ የጥንቱን ሊቆጥር ኮምፓሱን ድንጋዩ አናት ላይ አስቀመጠና እንዳይንቀሳቀስ በክንዱ አቀፈው፤ ደረቱን አስጠጋ።

የኖላ አፍ ተከፈተ።

አርባ ዓመት የለመደ አፍ ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅም። «ብረት» የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ ተነሥቶ ምላሷ ላይ ደርሷል። ብትለው ሩፐርት ባጁን ይፈታል፣ መርፌው ይስተካከላል፣ ቀስቱ እሱ እንዳሰበው በቀጥታ ስንጥቁ ላይ ያርፋል፤ የክሌም ስምም ከሥሩ ለዘላለም ይተኛል፣ ያውም በእሷ እርዳታ። ጎኗን አየች። ክሌም ቢኖር የሚቆመው እዚያ ነበር፣ ሲባጎውን እየሳበ። ባዶ ነው።

አፏን ዘጋች። ዝም አይነቅዝም።

«ውድ ጓደኞቼ» ይላል ሩፐርት፣ ዓይኑ መርፌው ላይ፣ «ውድ ወንድሜ ክሌም ዛሬ እዚህ ቢኖር...» ቀስቱን በመሐል ብሎኑ ላይ ቀስ አድርጎ አዞረው። አሁንም ትንሽ አዞረው። አሁንም።

«ፕሮፌሰር» አለች ግሌኒስ ጎንበስ ብላ፣ «ስንጥቁ እኮ በዚያ በኩል ነው...»

«እመቤቴ፣ ዓይን የሚያየው የወደደውን ነው። መርፌ ግን አይዋሽም።»

ግሌኒስ ወንበሯን አየች፣ ቀስቱን አየች፣ አፏን ያዘች። ሩፐርት ማጣበቂያውን አፈሰሰ። ማኅበሩ የመረጠው ማጣበቂያ ምርጥ ነው፤ ለድልድይ የሚሆን፣ ቶሎ የሚደርቅ። ቀስቱን እስኪይዝ ድረስ ተጭኖ ቆየ፣ ስለ ጓደኝነትም ተናገረ። ከዚያ ተነሣና እጁን ዘርግቶ «ይኸው! ይህ ድንጋይ በተወለደበት ቀን ያየው ሰሜን!» አለ።

ሰው ሁሉ በቀስቱ አቅጣጫ አየ። ጭብጨባው ጀመረና መንገድ ላይ ቀረ።

«ፕሮፍ» አለ ኬልቪን ከሎደሩ ላይ፣ «እንግዲያው ያን ጊዜም ሽንት ቤታችን እዚያው ነበር?»

ቀስቱ ልማት ማኅበሩ በአዲስ ሰማያዊ ቀለም ያስቀባውን የሕዝብ ሽንት ቤት በር፣ ያውም የወንዶቹን፣ ያለ ስሕተት ይጠቁማል።

ሩፐርት ፊቱ ቀላ። «አይሆንም» አለ፤ ጎንበስ ብሎ ኮምፓሱን ደግሞ አየው፣ ቀስቱን ነቀነቀው። ቀስቱ አልተነቃነቀም፤ ጥሩ ማጣበቂያ ነው። የበለጠ ጎንበስ ሲል ባጁ ከኮቱ ላይ ተፈናጥሮ ወጣና «ጠቅ!» አለ። የክሌምን ሰሌዳ የያዙት ብሎኖች ተራ የብረት ብሎኖች ነበሩ፤ ክሌም ቢያያቸው ዳግመኛ ይታመም ነበር። ባጁ ከታችኛው ብሎን ላይ ተንጠለጠለ። በነሐስ፦ ክሌም ናንኪቨል። ከሥሩ በወርቅ ቀለም፦ ፕሮፌሰር ሩፐርት ሃሎራን።

ከኋላ ረድፍ አንድ ራሰ በራ ተማሪ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ ቀስ ብሎ «ብረት» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ ለመናገር ያስቸግራል። ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተደጋገፉ። አንዱ ቀበቶውን ፈትቶ ወረወረ።

ሩፐርት ግን ፕሮፌሰር ነው፤ ፕሮፌሰር ደግሞ ከምንም ነገር በማብራራት የሚወጣ ይመስለዋል። እጁን አነሣ። «እባካችሁ! እባካችሁ! ነገሩ ቀላል ነው። የመርፌው ጥፋት አይደለም። መርፌው ትክክለኛውን ሰሜን ያውቅ ነበር፤ በኋላ የመጣ ነገር አጠገቡ ሆኖ ስለጎተተው ነው። ስለዚህ መርፌ የሚያሳየውን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም፤ መጀመሪያ፣ በኋላ ምን እንደደረሰበት መጠየቅ...»

እዚህ ላይ ራሱን ሰማው። ቆመ።

ተማሪዎቹም ሰምተውታል። ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ኖላ ወደ ፊት ወጣ አለች።

«ድገመው፣ ሩፐርት» አለች ለስለስ ብላ። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ከኋላ ያሉትም ሰምተው ነበር።

«ኖላ፣ ይህ እኮ ሌላ ነገር ነው...»

«አውቃለሁ፣ ሌላ ነገር ነው። ክሌም ይህችን ካንተ አፍ ለመስማት ሠላሳ ዓመት ጠበቀ። ትንሽ ቢታገስ ኖሮ ይደርስባት ነበር። ሁልጊዜም ችኩል ነበር።»

ሩፐርት ባጁን ከብሎኑ ላይ ለማንሣት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ የተወው መሰለ፣ ኮምፓሱን ወደ ኮረጆው ከተተ። ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ላሚንግተን የሚባለው የኮኮናት ኬክ ለተማሪዎቹ ተረፈ፤ እነሱም አላሳፈሩትም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ ግሌኒስ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ኖላ አገኘቻት። ከፊቷ ማልቀሷ ይሁን መሳቋ አይለይም።

«አይተሽው ነበር፣ አይደል?» አለች ግሌኒስ።

«ምኑን?»

«ኖላ ናንኪቨል!»

«ኀዘንተኛ ነኝ እኮ። ዓይኔን እንባ ሞልቶት ነበር።»

«በቀብሩ እንኳ አላለቀስሽም!»

«ለዛሬ ቆጥቤው ነው።»

ግሌኒስ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ ተቆጣች፤ ከዚያ ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች። «ያን ሁሉ ቁጥቋጦ መንጥሬ! አሁን ይህን ወንበር ምን ላድርገው? ወደ ሽንት ቤቱ ላዙረው?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች ኖላ፣ ይቺ የእውነት ነበረች። «ያንቺን ድካም አይደለም የጠላሁት። እንዳታስተኚኝ ብሎኝ ነበር፣ ከዚያ ቀስት ሥር። አደራ ብሎኝ ነበር።»

ግሌኒስ መሐረቧን አወረደች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፓይ ይዘሽ መጣሽ።»

ግሌኒስ መሐረቧን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። በኋላ «ሆስፒታል ስንሄድ ሁሉ» አለች፣ «መኪናው ውስጥ፣ ስለ ጠጠሮቹ ነበር የሚነግረኝ። አልገባኝም ነበር። ዛሬ ነው የገባኝ። መናገር ይወድ ነበር፣ አይደል?»

«አንቺ ፋታ ሰጥተሽው ነበር እንዴ?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ኖላ ተነሥታ ድንጋዩ ጋ ብቻዋን ሄደች። ፀሐዩ ያሞቀውን የነሐስ ሰሌዳ በመዳፏ ነካችው፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ጠጉሯን የያዘው ፕላስቲክ ተንሸራቶ ወደቀ። ልታነሣው ጎንበስ አለችና እዚያው፣ ድንጋዩን ተደግፋ፣ ከሜይ ጀምሮ መውጫ ያጣው ለቅሶ መጣባት። ኬልቪን አየና ሎደሩን ለማንቀሳቀስ ያሰበውን ትቶ ሞተሩን አጠፋ።

ሩፐርት ቀስቱን ለማስተካከል እንደሚመለስ ለማኅበሩ በስልክ ነገረ፤ የሚመችበት ቀን ግን አልተገኘም። በኖቬምበር ኬልቪን ቀስቱን በመሮ ሲነቅለው ከድንጋዩ አናት ትንሽ ማዕዘን አብራ ተቆረሰች። የክሌም ስም እዚያው አለ፤ ከላዩ አንድ የብሎን ቀዳዳ ይታያል፣ ወንበሩም ስንጥቁን እንዳየ ነው። ቀስቱ በግሌኒስ ጋራዥ ውስጥ፣ ከቀለም ጣሳዎቹ ጀርባ ይገኛል።